በሬው ሳይሸጥ፦ ከክፉ ቀን እስከ ሴፍቲ ኔት፣ ለድርቅ የመዘጋጀትና ከረሀብ የማገገም ታሪክ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

(የሕዝባዊ ገለጻ ጽሑፍ)



በዛሬው ገለጻ የምንመለከተው የደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል ነዋሪ፣ ማለትም የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬ፣ ለክፉ ጊዜ እንዴት ሲዘጋጅ እንደኖረ፣ ክፉው ጊዜ ካለፈ በኋላም እንዴት እንዳገገመ ወይም ማገገም እንደተሳነው ነው። የረሀብ ታሪክ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሱት ወሎና ትግራይ ናቸው፤ ይህም በቂ ምክንያት አለው። ነገር ግን ከበሸሎ ማዶ ያለው ተራራ ሲደርቅ ከበሸሎ ወዲህ ያለውም አብሮ ይደርቃል። ደመና የጠቅላይ ግዛት ወሰን አያውቅም። የበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት አካል የነበረው የጋይንት አውራጃ ግን በትረካችን ውስጥ ከወሎ ጥላ ሥር ቀርቷል።

የገለጻው ዋና ሐሳብ በአጭሩ እንዲህ ነው። በዚህ አገር አንድ ቤተ ሰብ ወደ ችጋር የሚገባው በሬውን በሸጠ ዕለት ነው፤ ከችጋር የሚወጣውም ጥማድ በሬና ዘር ተመልሶ በእጁ በገባ ዕለት ነው። በእነዚህ በሁለቱ ቀናት መካከል ያለው ጊዜ አንዳንዴ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ነው። ስለዚህ የእርዳታን ታሪክ በተጫነው እህል ኩንታል ብቻ መመዘን አይበቃም። በሦስት ጥያቄዎች እንመዝነዋለን፦ እርዳታው መቼ ደረሰ? የት ደረሰ? በማን እጅ ደረሰ?

አገሩ

አስቀድሜ ስለ አገሩ ጥቂት ልበል። የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ነፋስ መውጫ፣ የታች ጋይንት ዓርብ ገበያ፣ የስማዳ ወገዳ፣ የእስቴ ደግሞ መካነ ኢየሱስ ነው። በምዕራብ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ይገኛል። ከጉና የሚነሡት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ይወርዳሉ፤ በምሥራቅና በደቡብ ያሉት ወንዞች ግን ጥልቅ ሸለቆ እየሰነጠቁ ወደ በሸሎና ወደ ዓባይ ይገባሉ። በአንድ ወረዳ ውስጥ ገብስና ድንች የሚበቅልበት ውርጫም ደጋ፣ ጤፍና ስንዴ የሚዘራበት ወይና ደጋ፣ ማሽላ የሚዘራበት ቆላ ይገኛሉ።

ይህ የመሬት አቀማመጥ ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል ዋስትና ነው፤ ደገኛው ገብሱን ውርጭ ሲመታበት ከቆላ ማሽላ ይሸምታል፣ ወይም በጋብቻና በዝምድና ወደ ተሳሰረው ቆለኛ ይወርዳል። በሌላ በኩል ፈተና ነው፤ ቁልቁለቱ አፈሩን አሳልፎ ይሰጣል፣ ገደሉም እህል የጫነ አህያ በቀላሉ አያሳልፍም።

ይህ አገር ሁልጊዜ የረሀብ አገር እንዳልነበረ የሚያስረዳ አንድ ምስክር ላቅርብ። የጋይንት ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባም የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆነው ለብዙ ትውልድ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ደቀ መዛሙርትን ሲያስተናግዱ ኖረዋል። የቆሎ ተማሪ የሚማረው ከየደጃፉ ቁራሽ እየለመነ ነው። ተማሪ በብዛት ተሰብስቦ ዓመታት የሚቀመጥበት አገር በየመሶቡ ከቤተ ሰብ የሚተርፍ እንጀራ ያለው አገር መሆን አለበት። ስለዚህ የአብነት ትምህርት ቤት ታሪክ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ብቻ ሆኖ ሊነበብ አይገባም፤ የትርፍ ምርት ታሪክም ነው። የተማሪው መብዛትና መመናመን የገበሬውን ጓዳ ሁኔታ ለሚያጠና ሰው ጥሩ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ክፉ ቀን፦ የበሬ ረሀብ

ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ አራት ዓመት ገደማ የቆየውና በታሪካችን «ክፉ ቀን» ተብሎ የሚታወቀው እልቂት መነሻው ከብት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የገባው፣ በአማርኛ «ደስታ» የሚባለው የከብት ወረርሽኝ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አገሩን አዳረሰ። በዚያው ሰሞን ዝናብ ቀረ፤ አንበጣና ተምች መጣ፤ ፈንጣጣ፣ ተስቦና ኮሌራ ተከተሉ። ሪቻርድ ፓንክረስት በዘመኑ የነበሩ ምስክሮችን ሰብስበው እንዳሳዩት ከአገሪቱ ከብት 90 ከመቶ ያህሉ፣ ከሕዝቡም አንድ ሦስተኛው እንዳለቀ ይገመት ነበር። ቁጥሩ ግምት ቢሆንም የጥፋቱን መጠን ያመለክታል።

በጌምድር ይህ መከራ ሲደርስበት አስቀድሞ ቆስሎ ነበር። በጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን አቃጠሉ፤ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። በዚያ ዘመን ጦር የሚቀለበው ከሚያልፍበት አገር ባላገር ጎተራ ስለነበረ ለክፉ ጊዜ የተቀመጠው እህል ክፉው ጊዜ ሳይደርስ ያልቅ ነበር። ከዚያም በፊት፣ በዐፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ዓመታት፣ ይኸው አገር በዘመቻ ተመዝብሯል። የድርቅን ታሪክ ከጦርነት ታሪክ ነጥሎ መጻፍ የማይቻለውም ስለዚህ ነው።

ልብ ልንለው የሚገባው ነገር ግን ክፉ ቀን ከሁሉ በፊት የበሬ ረሀብ መሆኑ ነው። መሬቱ በቦታው ነበር፤ ዝናቡም ቆይቶ ተመለሰ፤ የሚያርስ ግን ጠፋ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ሹማምንቱና ሕዝቡ በእጁ ቆፍሮ እንዲዘራ ማበረታታቸው የሚነገረው ከዚህ የተነሣ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ጎተራ ለተራበው ሲከፈት በአቅራቢያው ያለው ተጠቀመ፤ ከጉና ማዶ ላለው ገበሬ ግን ሸዋ ሩቅ ነበረ።

ማገገሙስ ስንት ጊዜ ፈጀ? የከብት ርቢ የራሱ የጊዜ ሕግ አለው። ሴት ጥጃ አድጋ ጊደር፣ ጊደሯ ላም ሆና ወንድ ጥጃ እስክትወልድ፣ ያም ወይፈን ሆኖ ቀንበር እስኪለምድ ድረስ 7 ወይም 8 ዓመት ያልፋል። በሬ ያለቀበት አገር ዝናብ ቢያገኝም ቶሎ ቀና አይልም። የአደጋ መከላከል ምን ማድረግ እንደሚችል የሚያሳየው ትልቁ ምሳሌም በዚሁ በሽታ ላይ ይገኛል፦ በዓለም አቀፍ የክትባት ዘመቻ ደስታ በሽታ ከምድር ገጽ መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታወጀ። አያቶቻችንን ያራቆተው አደጋ ዛሬ የለም፤ የጠፋውም በዝግጅት ነው።

ገበሬው በራሱ ያደረገው ዝግጅት

መንግሥት የአደጋ መከላከያ መሥሪያ ቤት ከማቋቋሙ ብዙ አስቀድሞ ገበሬው የራሱ ሥርዓት ነበረው። ከብት ያለው ለሌለው ላም ወይም በግ ለርቢ ይሰጣል፤ የሚወለደውን ይካፈላሉ። አንድ በሬ ብቻ የቀረው ሰው ከመሰሉ ጋር ይቀናጃል፤ በመቀናጆ ሁለቱም እርሻቸውን ያደርሳሉ። በደቦና በወንፈል ጉልበት ይተባበራሉ፤ በማኅበርና በሰንበቴ ደግሞ የተቸገረውን ያውቁታል። እህል በጎተራና በጉድጓድ ይቀመጣል። የእርሻ ማሳንም በአንድ ስፍራ አለማድረግ፣ ከፊሉን ላይ ከፊሉን ታች መያዝ፣ ውርጭ ወይም በረዶ ሁሉንም በአንድ ቀን እንዳያጠፋ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው።

አዝርዕቱም የዝግጅት አካል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1858 ጀርመናዊው ሺምፐር ወደ ኢትዮጵያ እንዳስገባው የሚነገርለት ድንች በጉና ዙሪያ ደጋ ላይ ቀስ በቀስ ቦታ ያገኘው ገብሱ ሳይደርስ ስለሚደርስ፣ የክረምቱንም የጓዳ ባዶነት ስለሚያስታግሥ ነው። ጓያም እንዲሁ ነው፤ ዝናብ ሲያጥርም ሲበዛም ይበቅላል። ሌላው እህል ሲጠፋ ጓያ ይተርፋል።

ጓያ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ለወራት ጓያ ብቻ የበላ ሰው እግሩ ሊሽመደመድ ይችላል፤ ከዚያም አይድንም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በጋይንትና በስማዳ አሻግሮ በሚታየው በደላንታና ዳውንት ይህ ሕመም በወረርሽኝ መልክ ታይቶ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች «ዘ ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት አስነብበዋል። ጥናቱ ያመለከተው ጓያን ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ የሚበላ ሰው አደጋው እንደሚቀንስለት፣ የእርዳታ እህል ሲያጥር ደግሞ ሕመሙ እንደሚበረታ ነው። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ትምህርት አለ። ገበሬው ስለ አደጋ ያላወቀ ሰው አይደለም፤ በሁለት አደጋዎች መካከል እንዲመርጥ የተገደደ ሰው ነው። እህል በጊዜው ቢደርስለት ልጁ በእግሩ ይሄዳል።

የባህላዊው ሥርዓት ወሰኑም እዚሁ ላይ ይታያል። የርቢ ከብት፣ መቀናጆና ደቦ የሚሠሩት አንዱ ሲቸገር ሌላው ሲኖረው ነው። ድርቅ አገሩን በሙሉ ሲመታ ሁሉም በአንድ ጊዜ ባዶ ይሆናል። ደሳለኝ ራህመቶ በወሎ አምባሰል ላይ ባደረጉት ጥናት እንዳሳዩት ገበሬው ደረጃ በደረጃ ያፈገፍጋል፤ በመጀመሪያ ምግቡን ይቀንሳል፣ በጉንና ፍየሉን ይሸጣል፣ ይበደራል፣ ለጉልበት ሥራ ይሰደዳል፤ በሬውን የሚሸጠው ሌላው መንገድ ሁሉ ሲዘጋበት ነው። ሁሉም ገበሬ በአንድ ሰሞን በሬውን ወደ ገበያ ሲነዳ ደግሞ የበሬ ዋጋ ይወድቃል፣ የእህል ዋጋ ይወጣል። በደህና ጊዜ ብዙ ኩንታል የሚያወጣ በሬ በጥቂት ቁና ይሄዳል።

መቼ?

አሁን ወደ ሦስቱ ጥያቄዎች እንግባ። የመጀመሪያው የጊዜ ጥያቄ ነው።

በ1965 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ ሲያልቅ አገሪቱ በጠቅላላው እህል አጥታ አልነበረም። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት ያስረዱት ይህንኑ ነው፤ የወሎ ገበሬ የሚገዛበት አቅም ስላጣ እህል ከወሎ ወደ ሌላ ከተማ ጭምር ይወጣ ነበር። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 ያለውን ዘመን በመረመሩበት ሥራቸው ድርቅና ችጋር አንድ አለመሆናቸውን፣ ድርቁን ወደ ችጋር የሚለውጠው የገበሬው አቅም ተሟጦ መጋለጡ መሆኑን አስረግጠው ጽፈዋል።

በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1972 እና 1973፣ የሕንድ ማሃራሽትራ ክፍለ ሀገርም በከባድ ድርቅ ተመትቶ ነበር። እዚያ ግን መንግሥት የመንገድ፣ የኩሬና የእርከን ሥራ ከፍቶ በችግሩ ጣራ ላይ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በደመወዝ አሠራ። ደመወዝ ያገኘ ሰው እህል መግዛት ቻለ፤ ነጋዴም እህሉን ወደዚያው አመጣ። ብዙ ችግር ቢደርስም እንደ ወሎ ያለ እልቂት አልሆነም። ልዩነቱ የመጣው ከሰማይ አይደለም። በሕንድ ከ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ድርቅ ሲመጣ ሹሙ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚደነግግ የተጻፈ የረሀብ ደንብ ነበረ፤ እኛ ዘንድ ሹሙ ረሀብን መግለጽ እንደ ነውር ይቆጥረው ነበር።

በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና መልሶ ማቋቋም ኮሚሽን ተቋቋመ። የስሙ ሁለተኛ ክፍል፣ «መልሶ ማቋቋም» የሚለው፣ ተገቢ ሐሳብ ይዟል። ኮሚሽኑ በ1960ዎቹ መጨረሻ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓትም ዘረጋ። ሥርዓቱ ሠርቷል። በመጋቢት 1976 ዓ.ም. መጨረሻ ኮሚሽኑ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለረሀብ መጋለጡን ለለጋሾች አስታወቀ። ይሁን እንጂ መንግሥት የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በዓል በማዘጋጀት ላይ ነበረ፤ የምዕራብ ለጋሾችም ስለ ደርግ ያላቸው ጥርጣሬ እጃቸውን ይዞት ነበር። ዓለም የተንቀሳቀሰው በጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል ቡርክ ከኮረም የላከው ፊልም ከታየ በኋላ ነው።

በማስጠንቀቂያውና በፊልሙ መካከል ሰባት ወር ገደማ አለ። እነዚያ ወራት በገበሬው የቀን መቁጠሪያ ምን እንደሆኑ አስቡ፦ የእርሻ፣ የዘርና የአረም ወራት ናቸው። በሬው የተሸጠው፣ ዘሩም የተበላው በእነዚያ ወራት ውስጥ ነው። ስለዚህ የጎደለው ማስጠንቀቂያ አልነበረም፤ ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ ወዲያው ገንዘብና እህል የሚለቅ አስገዳጅ ደንብ ነበር። ይህን ልዩነት ተማሪዎች አጥብቃችሁ እንድትይዙት እፈልጋለሁ፤ ዛሬም ብዙ ጊዜ የሚሻሻለው መረጃው ነው፣ ውሳኔው ግን ባለበት ይቆያል።

የጊዜ ጥያቄ የመንገድ ጥያቄም ነው። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር በጋይንትና በጨጨሆ አድርገው፣ ገደሉን እያስቆፈሩ፣ መቅደላ ለማድረስ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል። ይኸው መስመር ለጋሪና ለመኪና የተከፈተው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በደርግ ዘመን ቻይናውያን የወልድያ–ወረታን መንገድ ሲሠሩ ነው። ነፋስ መውጫ በዚህ መንገድ ላይ ስለምትገኝ እህል ይደርስላታል። ወደ በሸሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው የታች ጋይንትና የስማዳ ቀበሌ ግን ከዋናው መንገድ ርቆ ብዙ ዘመን ቆይቷል።

የት?

ሁለተኛው ጥያቄ የቦታ ጥያቄ ነው። እህል ወደ ሰው ካልሄደ ሰው ወደ እህል ይሄዳል። በ1977 ዓ.ም. የሆነው ይህ ነው። ገበሬው ቤቱን ዘግቶ ወደ መጠለያ ሄደ፤ በመጠለያ ውስጥ ተስቦና ተቅማጥ ጠበቀው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከእርሻው ተለየ።

ከላይ ጋይንት በስተ ሰሜን ጎረቤት በሆነው በእብናት የደረሰው ነገር በዚህ ረገድ ሊረሳ አይገባም። በእብናት መጠለያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ረሀብተኞች ሰፍረው ነበር። በሚያዝያ 1977 ዓ.ም. በአካባቢው ሹማምንት ትእዛዝ ሰዎቹ ተገደው ከመጠለያው ወጡ፤ ጎጆዎቻቸው ተቃጠሉ። ብዙዎቹ ደካሞች ነበሩ፤ ሕፃናትና እመጫቶችም ነበሩባቸው። የዓለም ቁጣ ሲበረታ መንግሥት ድርጊቱ ያለ በላይ አካል ፈቃድ የተፈጸመ መሆኑን ገለጸ። የተሰጠው ምክንያት ዝናብ ስለጣለ ገበሬው ወደ አገሩ ተመልሶ ይረስ የሚል ነበር።

ይህን ምክንያት ቀረብ ብለን እንመርምረው። ገበሬ ክረምት ሳይገባ ወደ እርሻው መመለስ አለበት የሚለው ሐሳብ በራሱ ትክክል ነው፤ ማገገም የሚጀምረው ከማሳ ነው። ነገር ግን በሬ፣ ዘርና እስከ መኸር የሚያደርስ ቀለብ ሳይሰጡት ሰውን በእሳት አባርሮ «ሂድና እረስ» ማለት ትክክለኛውን ሐሳብ ወደ ግፍ መለወጥ ነው። የእብናት ታሪክ የሚያስተምረን የመልሶ ማቋቋም ቃል ከዕቃው ጋር አብሮ ካልመጣ ሰውን ሊገድል እንደሚችል ነው።

በዚያው ዘመን ሌላው መፍትሔ ሰፈራ ነበረ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. 600,000 ገደማ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሸዋ፣ ከጎንደርና ከሌሎችም አካባቢዎች ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላና መተከል ተወሰደ። በፈቃዱ የሄደ አለ፤ ተገድዶ የሄደም አለ፤ ቤተ ሰቡ የተበታተነበትና በወባ የሞተ ብዙ ነው። በ1995 ዓ.ም. የአማራ ክልል በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ሰፈራ ወደ መተማና ቋራ ሲጀምር ከደርጉ ዘመን ስሕተት ለመማር ተሞክሯል፤ ሰፋሪው ለተወሰነ ጊዜ የቀድሞ መሬቱን የመያዝ መብት እንዲጠበቅለት መደረጉ አንዱ ነው።

ሰፈራ ባይሄድም ገበሬው በየዓመቱ ለአረምና ለአጨዳ ወደ ሁመራና መተማ ቆላ ይወርዳል። ይህ የጉልበት ስደት ራሱ የቆየ የዝግጅት ስልት ነው፤ ግን አደጋ ያዘለ ነው። በ1996 እና 1997 ዓ.ም. አካባቢ በሊቦ ከምከምና በፎገራ የተቀሰቀሰው የካላዛር ወረርሽኝ ከእነዚህ የቀን ሠራተኞች መመላለስ ጋር እንደሚያያዝ ተመራማሪዎች ያምናሉ፤ በመጀመሪያም ሕመሙ ወባ እየመሰለ ብዙ ሰው ሳይታወቅለት ቆይቷል። አንዱን አደጋ ለመሸሽ የሚደረግ ጉዞ ሌላውን ይዞ ይመለሳል። በቤቱ አቅራቢያ ሥራና እህል ያገኘ ሰው ይህን ጉዞ ባላስፈለገው ነበር።

በማን እጅ?

ሦስተኛው ጥያቄ የባለቤትነት ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ብሔራዊ የአደጋ መከላከል ፖሊሲ ከቀድሞው የተለየ መርሕ ይዞ መጣ፤ ጉልበት ያለው ሰው የሚረዳው በነጻ እህል ሳይሆን በሥራ እንዲሆን፣ ሥራውም አካባቢውን የሚያለማ እንዲሆን ደነገገ። ኮሚሽኑም ስሙ ተለውጦ የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ኮሚሽን ሆነ። ማሃራሽትራ ከሃያ ዓመት በፊት ያደረገችውን እኛ በፖሊሲ ደረጃ የተቀበልነው ያን ጊዜ ነው። ሆኖም የገንዘቡ ምንጭ ዓመታዊ ልመና ሆኖ ቀጠለ። ድርቅ በመጣ ቁጥር ጥናት፣ ጥሪ፣ ቃል ኪዳን፣ መርከብ፣ ወደብ፣ መኪና እያለ እህሉ ገበሬው ዘንድ ሲደርስ ብዙ ጊዜ በሬው ተሸጧል።

በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ባስፈለገው ጊዜ ይህ አሠራር እንደማያዛልቅ ግልጽ ሆነ። በ1997 ዓ.ም. የልማታዊ ሴፍቲ ኔት ፕሮግራም ተጀመረ፤ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳም ታቀፉበት። ፕሮግራሙ ያመጣው ትልቁ ለውጥ እርዳታውን አስቀድሞ የሚታወቅ ማድረጉ ነው። ለዓመታት በየዓመቱ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የምግብ ክፍተት ያለበት ቤተ ሰብ ተለይቶ፣ በዓመት ለስድስት ወር ያህል በእርከን፣ በመንገድና በምንጭ ማጎልበት ሥራ እየተሳተፈ ገንዘብ ወይም እህል ያገኛል፤ ጉልበት የሌለው አረጋዊና አካል ጉዳተኛ ደግሞ ቀጥተኛ ድጋፍ ይሰጠዋል። በሦስቱም ጥያቄዎች ስንመዝነው መልሱ ከቀድሞው ይሻላል፦ ጊዜው አስቀድሞ ይታወቃል፣ ቦታው ቀበሌው ነው፣ መራጩም ቢያንስ በመርሕ ደረጃ ኅብረተሰቡ ራሱ ነው።

ውጤቱም ተለክቷል። በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገ ጥናት አምስት ዓመት የታቀፉ ቤተ ሰቦች የረሀብ ጊዜያቸው ከአንድ ወር በላይ እንዳጠረ፣ የከብት ይዞታቸውም በመጠኑ እንደጨመረ አሳይቷል። ከአንድ ወር በላይ ማለት ትንሽ ይመስላል፤ በክረምት እኩሌታ ጓዳዋ ባዶ ለሆነች እናት ግን ትንሽ አይደለም። የከብቱ መጨመር ደግሞ በሬው ሳይሸጥ መቆየቱን ያመለክታል።

ጉድለቱንም መናገር ይገባል። ክፍያ ሲዘገይ ፕሮግራሙ ዋና ትርጉሙን ያጣል፤ በየካቲት የሚጠበቅ እህል በሐምሌ ቢደርስ በመካከሉ ያለው ዕዳ በከብት ይከፈላል። የኮታ ማነስ መራጩን ያስጨንቃል፤ ድኻ ድኻውን ለመለየት የከብት ቁጥር ሲታይ ደግሞ በሬውን በብልሃት ያቆየው ገበሬ ከመዝገብ ሊወጣ ይችላል። በሬን ለማዳን የተቋቋመ ፕሮግራም በሬ ያለውን ሰው መቅጣት የለበትም። «ምረቃ» የሚባለውም ቤተ ሰቡ አንድ ክፉ ዓመት ሳይወድቅ መሻገር መቻሉን ማረጋገጥ አለበት፤ በአንድ ደህና መኸር ብቻ የተመረቀ በቀጣዩ ድርቅ ይመለሳል።

ከሁሉ የከበደው ግን የባለቤትነቱ ጥያቄ ነው። በእነዚህ ወረዳዎች የሴፍቲ ኔቱ ሥራ ለዓመታት የተደገፈው በውጭ ገንዘብ ነው፤ ፉድ ፎር ዘ ሀንግሪ የተባለው ድርጅት በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንትና በስማዳ ሲሠራ መቆየቱ ይታወቃል። በረሀቡ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1984፣ የተመሠረተው የአማራ መልሶ ማቋቋምና ልማት ድርጅትም ቢሆን ለሥራው ብዙውን ገንዘብ የሚያገኘው ከውጭ ለጋሾች ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ ዓለም አቀፍ የልማት ድርጅት፣ ዩኤስኤአይዲ፣ ሲዘጋ ከስማዳ ገደል ያለ ገበሬ ያልተሳተፈበት የዋሽንግተን ውሳኔ ጓዳው ድረስ መጣ። በዚህ ላይ ጦርነት አለ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ነፋስ መውጫ የጦርነት ቀጠና ሆና ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭትም መንገድ፣ ገበያና የወረዳ ጽሕፈት ቤትን አውኳል። በክፉ ቀን ዘመን እንደነበረው ሁሉ ዛሬም ድርቅና ጦርነት አብረው ሲመጡ የገበሬው ጥንቃቄ በሙሉ ይፈርሳል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ለዛሬ ሥራ ሦስት ነገር እናወጣለን።

አንደኛ፣ ውሳኔው በደንብ መታሰር አለበት። በነፋስ መውጫ፣ በዓርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ገበያዎች አንድ በሬ ስንት ኩንታል እህል እንደሚያወጣ በየሳምንቱ መመዝገብ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ይህ ልኬት ከተወሰነ ወለል በታች ሲወርድ ማንም ጥሪ ሳያሰማ፣ ማንም በፊልም ሳያሳይ፣ መጠባበቂያው የሚለቀቅበት ሕግ ያስፈልጋል። የሰባት ወሩን ክፍተት የሚዘጋው ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ ማገገም በራሱ በጀት ይፈልጋል። እህል የሕይወት ማዳኛ ነው፤ በሬ፣ ዘርና መኖ ደግሞ የኑሮ መመለሻ ናቸው። የርቢና የመቀናጆ ልማድ በአገሩ እያለ፣ ድርቅ ላራቆታቸው ቤተ ሰቦች ጊደር በርቢ የሚሰጥ የወረዳ ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር ፈንድ ከባዕድ የመጣ ሐሳብ አይሆንባቸውም፤ የሚያውቁትን ማስፋት ነው።

ሦስተኛ፣ ለጋሽ ይመጣል፣ ለጋሽ ይሄዳል፤ ወረዳው ግን ይቀራል። የመጠባበቂያው ዋና ክፍል ከአገር ውስጥ ገቢ ካልተመደበ በስማዳ የሚደረገው የአደጋ ዝግጅት ሁልጊዜ በሌላ አገር ምርጫ ላይ የተንጠለጠለ ይሆናል።

ለታሪክ ተማሪዎች አንድ አደራ ልጨምር። በ1977 ዓ.ም. ጎልማሳ የነበረ ሰው ዛሬ አረጋዊ ነው። በሬውን በየትኛው ወር እንደሸጠ፣ በስንት እንደሸጠ፣ ሁለተኛ በሬ ያገኘው ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ ጠይቃችሁ መዝግቡ። የእህሉ ኩንታል በመሥሪያ ቤቶች መዝገብ ይገኛል፤ የማገገሙ ዘመን ግን ያለው በእነዚህ ሰዎች ልብ ብቻ ነው፤ ሳይጻፍም እያለፈ ነው። ሴፍቲ ኔትም ሆነ ሌላ ፕሮግራም ሠርቷል ወይስ አልሠራም ብለን የምንፈርደው ያንን ዘመን ከዛሬው ጋር ስናነጻጽር ነው።